ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ረቡዕ ከሰዓት ልጆቻችሁ የት ይውላሉ?

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ከጥቅምት 19 ጀምሮ ለአሥር ሳምንት፣ እናንተ የፈቀዳችሁላቸው ልጆች ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በከተማችን የሥራ ቦታዎች ይውላሉ። ብረታ ብረት ቤት፣ ጋራዥ፣ መድኃኒት ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ የሒሳብ ሥራ ቢሮ በራቸውን ከፍተውልናል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ መካሪ ተመድቦለታል።

አምና አንድ አባት ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ «ልጄን የላክሁት ተምራ ሰው እንድትሆን ነው፤ ብረት ቤት ምን ትሠራለች?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ ያየሁትን ነገርኳቸው፣ ለእናንተም ልንገራችሁ። ልጅቷን ልጠይቅ ስሄድ መካሪዋ ሜትር አስይዟት የበር ፍሬም ያስለካታል። ቁመቱ 2.10፣ ወርዱ 0.90። «ዙሪያውን ስንት ይፈጃል?» አላት። «6 ሜትር።» «ቱቦላሬው፣ ይኼ ውስጡ ክፍት ብረት፣ አንዱ 6 ሜትር ነው፤ አንድ ይበቃናል?» «አዎ።» «የመቁረጫው ዲስክ የሚበላውስ?» ዝም አለች። ቁራጭ ብረት አምጥቶ ቆረጠና አስለካት፤ ወደ 3 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጠፍቷል። አራት ቁራጭ ለማውጣት ሦስት ጊዜ መቁረጥ አለ። ደብተሯን አውጥታ እዚያው ቆማ እንደገና አሰላች። ለሦስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያታለሁ፤ እንደዚያ ቀን ስትጨነቅለት ግን አይቻት አላውቅም።

ያጠፋነውንም አልደብቃችሁም። አምና አንድ ቦታ የላክናቸው ሁለት ልጆች ወለል ሲጠርጉና ሻይ ሲያመላልሱ ነው የከረሙት። የሰማነው በአራተኛው ሳምንት ነው፤ ቶሎ ሄደን ባለማየታችን ጥፋቱ የእኛም ነው። ወዲያው አስወጣናቸው። ዘንድሮ በየሳምንቱ አንድ መምህር በየቦታው ይዞራል፣ ልጆቹም የዋሉበትን በደብተር ይጽፋሉ። እባካችሁ ማታ ማታ ደብተሩን አንብቡት።

ልጆቹ የሚሄዱት ሊማሩ ነው፤ ተቀጣሪ አይደሉም፣ ደመወዝም የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ18 ዓመት በታች ያለ ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይም ሆነ ሌሊት እንዳይሠራ ይከለክላል። የእኛ ልጆች ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የሚቆዩት። ዲስክና ብየዳ አይነኩም። ነጠላ ጫማ አድርጎ የመጣ ልጅ ወደ ብረት ቤትና ጋራዥ አይገባም።

«ማትሪኩን ያዘናጋቸዋል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ናቸው፤ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። የቀሩት ልጆችም የእኛው ልጆች ናቸው። ፈተናው ሳይሳካላቸው ቀርቶ ቤት ሲውሉ፣ ሥራ የሚያውቅ አንድ ሰው በስማቸው የሚያውቃቸው ቢሆን እወዳለሁ። ለሚያልፉትም ቢሆን የትምህርት ክፍል ሲመርጡ በጓደኛ ወሬ ከሚመርጡ ሥራውን በዓይናቸው አይተው ቢመርጡ ይሻላል።

ቅዳሜ ጥቅምት 15 ከጠዋቱ 3 ሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መካሪዎቹ ስለሚገኙ መጥታችሁ ተዋወቋቸው። የፈቃድ ቅጹን ፈርማችሁ በዚያው ዕለት ስጡን። ልጁ የሚጥል በሽታ፣ አስም ወይም ሌላ ሕመም ካለበት ቅጹ ላይ ጻፉልን። ቅዳሜ ገበያ የምትውሉ እናቶች ዓርብ ከሰዓት ቢሮ ብትመጡ ታገኙኛላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር