ስለ ፕሮግራም ክለሳው

ውድ ወዳጄ ሆይ፣

እንደምን ከርመሃል? ይህን ያህል ጊዜ ሳንጻጻፍ የቆየነው በመረሳሳት እንዳልሆነ ታውቃለህ። የትምህርት ክፍላችን የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሙን ከልሶ እንደ አዲስ እንዲያዋቅር ተወስኖ ኮሚቴውን የማስተባበሩ ኃላፊነት በእኔ ላይ በመውደቁ፣ ሐሳቤ ሁሉ እዚያው ተጠምዶ ከረመ።

ሥራው እንደተለመደው በኮርሶች ዝርዝር ተጀመረ። መምህሩ ሁሉ የራሱ ኮርስ እንዳይነካበት፣ ከተቻለም ክሬዲት እንዲጨመርለት ይሟገታል፤ የማስተማር ጭነቱ የሚሰላው በዚያ ነውና አልፈርድበትም። በዚህ መንገድ የተከለሰ ፕሮግራም ግን ከኮርሶቹ ስም በቀር የሚለወጥለት የለም። ስለዚህ ዝርዝሩን ወደ ጎን ትተን፣ ተመራቂው ምን ምን መሥራት መቻል አለበት ከሚለው ተነሣን፤ ከዚያም እያንዳንዱ ኮርስ የትኛውን ችሎታ እንደሚያስተዋውቅ፣ የትኛውን እንደሚያዳብርና የትኛውን እንደሚመዝን የሚያሳይ ሰንጠረዥ አዘጋጀን። ባዶ ሳጥን ባለመኖሩ ብዙዎቻችን ደስ አለን።

ደስታው የቆየው ያለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀቶች እስኪመጡ ድረስ ነው። «ተማሪው መረጃ ተንትኖ ውሳኔ ያቀርባል» ተብሎ የተጻፈበት ኮርስ፣ የማጠቃለያ ፈተናው «ዘርዝር»፣ «አብራራ» እና የምርጫ ጥያቄ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁሩ ጆን ቢግስ በ1996 እ.ኤ.አ. የሚጠበቀው ውጤት፣ የማስተማሪያው ዘዴና ምዘናው እርስ በርስ መናበብ አለባቸው ሲል ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ ተማሪ የሚያጠናው በኮርሱ መግለጫ ላይ የሰፈረውን ዓላማ ሳይሆን የሚፈተነውን ነው። ሌላም ክፍተት አየን፤ የጥናት ናሙና አወሳሰድ በተለያዩ ኮርሶች በየጊዜው ከሀ ሲጀመር፣ ዘገባ መጻፍን ግን ሁሉም ሌላው ያስተምረዋል ብሎ በመተዉ ተማሪው ሳይለማመደው የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ይደርሳል።

ከቀጣሪዎች የተሰበሰበው አስተያየት በአመዛኙ የዘመኑን ሶፍትዌር አስተምሩልን የሚል ነበር። ሥራ ላይ ጥቂት ዓመታት የቆዩ ምሩቃን ግን የጎደላቸውን ለይተው ስለሚነግሩ፣ እኔ ለእነርሱ የበለጠ ጆሮ ሰጥቻለሁ።

ከሁሉ የከበደው መቀነስ ነው። በአውሮፓው የክሬዲት ሥርዓት አንድ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ይይዛል፤ ይኸውም በዓመት ከ1,500 እስከ 1,800 ሰዓት ማለት ነው። ንባቡና የቤት ሥራው አብሮ ሲቆጠር የተማሪው ጊዜ እንደማይለጠጥ ግልጽ ይሆናል። ስለሆነም አዲስ ኮርስ የሚጠይቅ ሰው የሚወጣለትን ኮርስ አብሮ እንዲያቀርብ ወሰንን፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄው ራሱ እየሳሳ መጣ።

አሁን የቀረን የሽግግር ዕቅዱ ነው። በነባሩ ሥርዓት የጀመረ ተማሪ በዚያው ሊጨርስ ይገባል፤ የተሰረዘ ኮርስ የወደቀ ወይም ትምህርት አቋርጦ የሚመለስ ደግሞ የአቻ ኮርሶች ሰንጠረዥ ካልተዘጋጀለት መሄጃ ያጣል። ረቂቁ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሴኔት ከመሄዱ በፊት የምዘናውን ክፍል እልክልሃለሁና፣ ወዳጅነታችንን ለጊዜው ረስተህ እንደ ውጭ ገምጋሚ አንብበህ የማይናበበውን ሁሉ ምልክት አድርግበት።

አክባሪ ወዳጅህ