የደላንታን ኦፓል ልትቀርጪ ለተነሳሽው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ድንጋይ መሞረጃው ክብ ሞላና የአልማዝ ጫፎቹ እንደደረሱሽ፣ በመጀመሪያው የከበረ ድንጋይሽ፣ በኦፓሉ፣ ቅጠል መቅረጽ እንዳሰብሽ ጽፈሽልኛል። መሣሪያውን ከመንካትሽ በፊት ስለ ውሃው ልንገርሽ። የወሎው የደላንታ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ አብዛኛው ጥፋት የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

ድንጋዩን ደረቅ ሳለ በ0.01 ግራም በሚለካ ሚዛን መዝነሽ ክብደቱን ጻፊ። በቀን ብርሃን እያገላበጥሽም በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ንከሪው። አረፋ እየለቀቀ ይጠጣና ጥርት ይላል፤ ስታገላብጪው የሚብለጨለጨው የቀለሙ ጨዋታም ይጠፋል። አትደንግጪ፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ጥርት ብሎ ሳለ ከኋላው የእጅ ባትሪ ብታበሪበት ስንጥቁ ሁሉ ይታይሻል። ስንጥቁን ተከትለሽ ቁረጪው፤ ሁለት ትንንሽ ጤነኛ ድንጋይ ከአንድ ትልቅ ስንጥቅ ይሻላል። ቀለሙ የት እንደነበረ የምታውቂው ከፎቶው ነው። በማርከር ምልክት እንዳታደርጊ፤ ድንጋዩ የማርከሩን ቀለም ይመጠዋል፣ አይለቅም። ደረቁን ድንጋይ በቀጥታ ሞላ ላይ አትያዢው፤ አንዱ ጎኑ ጠጥቶ ሌላው ሳይጠጣ ሲቀር ውስጡ ይሳሳባል።

ኦፓሉን ያቀፈውን ተራ ድንጋይና ቀለም አልባውን ክፍል በ220 ቁጥር ሞላ አንሺ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሞላው ሻካራ ነው። 220 ጥልቅ ጭረት ስለሚተው ከምትፈልጊው ቅርጽ ግማሽ ሚሊሜትር አትርፊ፤ ከዚያ 600፣ 1200፣ 3000 እያልሽ ወደ ልስልሱ እለፊ። ቁጥር በቀየርሽ ቁጥር ድንጋዩንም እጅሽንም ታጠቢ፤ አንዲት የ220 ቅንጣት 3000 ላይ ከተገኘች ወደ 600 መመለስሽ ነው። ውሃው ሳይቋረጥ ይንጠብጠብ። ጣትሽ ሙቀት ከተሰማው አቁሚ፤ ኦፓል ሙቀት አይችልም። ለመያዣ እንዲሆን ድንጋዩን በጋለ ሰም ዘንግ ላይ መለጠፉን የማልወደውም ለዚህ ነው፤ ሱፐር ግሉም ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ለቅጠል የእጅሽ ጣቶች ይበቃሉ።

የቅጠሉን ጠርዝ ከ1.5 ሚሊሜትር በታች አታሳሺው። መሃል ጅማቱን በ2 ሚሊሜትር ክብ ጫፍ በዝግታ ቆፍሪ፤ የቦዩ ሥር ክብ ይሁን፣ ስንጥቅ የሚነሳው ከሹል ማዕዘን ነውና። ውስጡን በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት፣ መጀመሪያ በ14000 ቀጥሎም በ50000 የአልማዝ ቅባት አሺው። ቅባቱ በውሃ የተለወሰ መሆኑን ሳታረጋግጪ አትግዢ፤ ዘይት ከገባበት አይወጣም።

ሲያልቅ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለሽ ጥላ ውስጥ አኑሪው። በመድረቁ መሃል ይደፈርሳል፣ ነጭ ይሆናል። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ የሚያደርገው ያኔ ነው። ላዩ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ይሰነጠቃል። ቀጭኑ ቀናት፣ ወፍራሙ ሳምንታት ይፈጃል። በየቀኑ መዝኚው፤ ሦስት ቀን ክብደቱ ካልተለወጠ ደርቋል። ከዚያ በፊት እንዳትሸጪው፤ 1 ግራም 5 ካራት ነው፣ እርጥብ ድንጋይ የሸጠ ውሃ በካራት እየመዘነ ነው። ለእኔ ይህ ስርቆት ነው።

ለገዢሽም ንገሪው፤ ቀለበቱን ሳያወልቅ ወጥ እንዳይበላበት፣ በቅባትና በሽቶም እንዳይነካው። ብር ሠሪውም እሳቱን ጨርሶ ነው ድንጋዩን የሚያስገባው።

የሰሜን ሸዋውን የመዘዞ ቡናማ ኦፓል ለጊዜው ተዪው። ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ጥፋቱ ከእጅሽ ይሁን ከድንጋዩ ሳትለዪ ትቀሪያለሽ።

አቧራው ሲሊካ ነው፤ ሳንባ ገብቶ አይወጣም። ደረቁን ፈጽሞ አትፍጪ፣ ማስክሽን አድርጊ፣ ጠረጴዛውንም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ እንጂ መጥረጊያ አታንሺ።

እናትሽ