አብራሪው «አልሄድም» ማለት ይቻለው፦ ግልጽ ደብዳቤ ከጅማ

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ለኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት

ጉዳዩ፦ ስለ ሕክምና ሄሊኮፕተር የሌሊት በረራ

በጅማ ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ከቦንጋ፣ ከበደሌ፣ ከሚዛን፣ ከዳውሮ ሪፈር ተጽፎላቸው የሚመጡ ሕሙማንን እንቀበላለን። ብዙዎቹ የሚደርሱት በጨለማ ነው። ደም የፈሰሳቸው፣ ምጥ የጠናባቸው፣ መንገዱ ያንገላታቸው። ስለዚህ ለአካባቢያችን የሄሊኮፕተር አምቡላንስ ያስፈልጋል የሚል ሰው ሲናገር እኔም አብሬው ነኝ። አጥብቄ እፈልገዋለሁ።

ግን ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት መጻፍ ያለበት ነገር አለ። ሌሊት አየሩ ሲበላሽ አብራሪው «አልሄድም» ወይም «ልመለስ ነው» የማለት ሙሉ መብት ይኑረው። ማንም አይጫነው። ማንም በኋላ አይክሰሰው።

ጅማን የሚያውቅ ሰማይዋንም ያውቃል። ዝናባችን ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ መስከረም አይለቀንም። ከሰዓት በኋላ ዶፉ ይወርዳል። ማታ ሰማዩ ይጠራና ኮከብ ይታያል። «ተመስገን፣ አባራ» እንላለን። ለአብራሪው ግን ችግሩ ያኔ ነው የሚጀምረው። የራሰ መሬት በጠራ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ከላዩ ያለው አየርም አብሮት ይቀዘቅዝና እርጥበቱ ጉም ይሆናል። ማለዳ በቦዬ ረግረግ በኩል ያለፈ ሰው ጉሙን ተኝቶ ያየዋል። በጊቤና በጎጀብ ሸለቆዎችም እንዲሁ ነው። ሲነጋ እናየዋለን እንጂ የተሠራው ሌሊቱን ነው። ጅማ ላይ ቆሞ ኮከብ የሚያይ አብራሪ ከሊሙ በታች ያለው ሸለቆ መደፈኑን በምን ያውቃል?

የሚገድለው አየሩ መንገድ ላይ ሲበላሽ ነው። አውሮፕላን ከታወቀ ማረፊያ ተነሥቶ፣ መብራትና መቆጣጠሪያ ወዳለበት ማረፊያ ይሄዳል። የሕክምና ሄሊኮፕተር ግን የሚያርፈው የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሊሆን ይችላል። አብራሪው አብዛኛውን ጊዜ መሬቱን እያየ ነው የሚበረው። ዳመናው ዝቅ ሲል እሱም ዝቅ ይላል። ገጠሩ መብራት የለውም። ጨረቃ ከሌለች ዓይን ቢወጉት የማይታይ ጨለማ ነው፤ ኮረብታው ከሰማዩ አይለይም። ከዚያ ሳያስበው ዳመና ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ የገዛ ሰውነቱ ይዋሸዋል። ውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ያለው የሚዛን አካል በዝግታ መዞርን አይለይም። ሄሊኮፕተሩ አጋድሎ እየወረደ፣ ሰውየው ቀጥ ብዬ እየበረርኩ ነው ብሎ ያምናል። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ በመሣሪያ ብቻ መብረር ያልሠለጠኑ 20 ሰዎች ዳመና ውስጥ የገቡ ያህል ተደርጎ ተፈትነው ነበር። ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። በአማካይ የቆዩት 178 ሴኮንድ ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሄሊኮፕተር ደግሞ ከአውሮፕላን ይልቅ በራሱ ቀጥ ብሎ መሄድ ያስቸግረዋል።

የሌሊት መነጽር አለ ይባል ይሆናል። መነጽሩ ጥሩ ነው፣ ይገዛ። ግን ያለችውን ትንሽ ብርሃን ያጎላል እንጂ ጉሙን አይገልጥም።

ከእኛ የተሻለ መሣሪያ ባላቸው አገሮችም ሰው አልቋል። መስከረም 17 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ እኛ መስቀልን ባከበርንበት ዕለት፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት አንድ የፖሊስ ሕክምና ሄሊኮፕተር በመኪና አደጋ የተጎዱ ሁለት ሰዎችን ጭኖ ሌሊት ተነሣ። ዳመናው እየወረደ መጣ። ሆስፒታሉ ጋ መድረስ ስላልተቻለ አብራሪው ወደ አንድ የአየር ኃይል ጣቢያ አቅጣጫ ቀየረ። ሳይደርስ ጫካ ውስጥ ወደቀ። ከአምስቱ ተሳፋሪዎች የተረፈችው አንዲት ታካሚ ብቻ ናት። በመኪናው አደጋ ያልሞተ ሰው በአምቡላንሱ ሞተ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

አሜሪካኖቹ ከብዙ ሞት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2014 ደንባቸውን አጠበቁ። በተራራማ አካባቢ፣ ተቆጣጣሪ በሌለበት ሰማይ፣ ሌሊት ያለ መነጽርና መሬት ወይም ኮረብታ ሲቀርብ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ሳይኖር ለመብረር ዳመናው ቢያንስ 1,500 ጫማ ከፍ ማለት አለበት። ከበረራ በፊት የአደጋ ግምገማ ይሞላል። ሌላ ድርጅት ያንኑ ጥሪ በአየሩ ምክንያት እምቢ ብሎ እንደሆነም ይጠየቃል፤ አንዱ እምቢ ሲል ሌላውን እየደወሉ የሚለምኑ ስለነበሩ ነው። እኛ ሬሳ ቆጥረን መማር የለብንም። ከጅምሩ እንጻፈው።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ይህንን ነው። አብራሪው ስለ ታካሚው ምንም አይነገረው። እኛ የጤና ባለሙያዎች ስንደውል እንዴት እንደምንናገር አውቃለሁ። «እናቲቱ እያለቀችብን ነው፣ ስለ ፈጣሪ ድረሱልን» እንላለን። ልክ ነን፣ እያለቀች ነውና። ያን ድምፅ የሰማ አብራሪ ግን ሰማዩን በትክክል ሊመዝን አይችልም። ልጅ ይኖረዋል፣ እናት ይኖረዋል፣ ሆዱ ይባባል። ስለዚህ የሚነገረው ከየት ወደ የት፣ ስንት ሰው፣ ስንት ኪሎ ብቻ ይሁን። «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ካለ በኋላ ሌላው ይነገረው። አብረውት የሚበሩት ነርስና ሐኪምም ድምፅ ይኑራቸው። ከመካከላቸው አንዱ «ደስ አላለኝም» ካለ በረራው ይቅር፣ ምክንያት አይጠየቅ።

መመለስም አስቀድሞ ልክ ይበጅለት። ከዚህ ከፍታ በታች ለመውረድ ወይም ከዚህ ፍጥነት በታች ለመቀነስ ከተገደድክ ተመለስ ወይም ሜዳ ፈልገህ አርፈህ ንጋትን ጠብቅ የሚል። ማሳ ላይ አርፎ ያደረ አብራሪ ይመስገን እንጂ አይጠየቅ። ቀበሌዎችም ይህን ይወቁ፣ ያረፈውን ይጠብቁለት።

አየሩን የሚያይ ዓይንም ያስፈልጋል። የዳመና ከፍታና የእይታ ርቀት የሚለኩ መሣሪያዎች በየሆስፒታሉ ቢተከሉ ምኞቴ ነው። እስከዚያው ግን ብዙ ብር የማይጠይቅ ነገር አለ። በየጤና ጣቢያው ሌሊት የሚያድር ጥበቃ አለ። ርቀታቸው የታወቀ ሦስት አራት ምልክቶች ይሰጡት፦ ኮረብታው ላይ ያለው የቴሌ ማማ ቀይ መብራት፣ የመስጊዱ ወይም የቤተ ክርስቲያኑ መብራት። ሲደወልለት የቱ እንደሚታየው ይናገር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ይደወልለት። ማማው ጠፍቶ ከሆነ ጉሙ እየመጣ ነው።

አሁን ለእኔ ከባዱ ላይ ደረስኩ። «አልሄድም» ሲባል እናቲቱ ምን ትሁን? መልስ ካላዘጋጀንላት ደንቡ በተግባር ይጣሳል። ሌላ መንገድ እንደሌለ እያወቀ እምቢ የሚል አብራሪ አናገኝም። ስለዚህ ሄሊኮፕተር በተጠራበት ደቂቃ የመኪናው አምቡላንስም ይነሣ። ሄሊኮፕተሩ ከደረሰ መኪናው ይመለሳል፣ ካልደረሰም ሰዓት አልባከነም። ነዳጅ አለቀ የሚባል ነገር ይቁም። ቀናቸው የደረሰ እናቶች ዝናቡ በሚበረታበት ወራት ወደ እናቶች ማቆያ አስቀድመው እንዲገቡ ምግቡም አልጋውም ይሟላ። ሩቅ ያሉ ሆስፒታሎች ደም ይኑራቸው። ለሄሊኮፕተሩ የሚመደበው በጀት እነዚህን የሚቀንስ ከሆነ ሌሊት በሚበረው አብራሪ ላይ የሚደርሰው ጫና እጥፍ ይሆናል።

የእኔ ሐሳብ አገልግሎቱ መጀመሪያ በቀን ብቻ ይጀምር ነው። አብራሪዎቹ ሸለቆዎቹን፣ ኮረብታዎቹን፣ የኤሌክትሪክ መስመሮቹን በብርሃን ይወቋቸው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ይለፉበት። ሌሊቱ ከዚያ ይታያል።

ደንቡ ሲረቀቅ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለሕዝብ ይውጣ። ሌሊት ተረኛ የሚሆኑ አዋላጆችና የአምቡላንስ ሹፌሮችም ለውይይቱ ይጠሩ፤ የሚደውሉትም የሚጠብቁትም እነሱ ናቸው። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ፣ ጅማ