ከእታለም ቤት መልስ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔም አባባም እህቴም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ እታለምም ደህና ናቸው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ከእኔ ደብዳቤ ሲደርስህ ልብህ ድንግጥ እንደሚል ስለማውቅ ነው። ስምንት ወር ድምፁ የጠፋ ሰው ድንገት ሲጽፍ መርዶ ይመስላል። መርዶ አይደለም።

ስንት ጊዜ እንደደወልክ አውቃለሁ። በዋትስአፕ የላክሃቸውን የድምፅ መልእክቶች አንድም ሳይቀር ሰምቻለሁ። «ምን አስቀይሜህ ነው?» ያልክበትንማ ደጋግሜ ሰማሁት። ምንም አላስቀየምከኝም። አጥፊው እኔ ነኝ። የገና በዓል ከመድረሱ በፊት ልንገርህ ብዬ ቁጭ አልኩ።

የዓምናውን ፋሲካ ታስታውሳለህ። እንደ ሁልጊዜው ገንዘብ ልከህ «አክፋዩን ለእናቴ አድርስልኝ» ብለኸኝ ነበር። ያኔ ነገሩ ሁሉ ገና እንግዳ ነበር። እኛ አገር የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ነው፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሚያዝያ 11 ፋሲካ ዋለ። በአምስት ሳምንት ውስጥ መጨባበጥ ተከለከለ፣ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ ታክሲ በግማሽ ይጫን ተባለ፣ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። ካህናቱ በር ተዘግቶ ውስጥ ሲቀድሱ እኛ በቴሌቪዥን አስቀደስን። አባባ ነጠላውን አጣፍቶ፣ መቋሚያውን ይዞ፣ ሳሎን መሀል ቆሞ ነው ያደረው። «ቁጭ በል፣ ስኳርህ ይነሳብሃል» ብንለው አልሰማንም። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ቆመ።

ቅዳሜ ዕለት ዶሮ ልገዛ ሾላ ገበያ ወርጄ ነበር። ምን ልበልህ፣ አዋጁ እዚያ የደረሰ አይመስልም ነበር። ትከሻ ለትከሻ ነው። ግማሹ ሰው ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎታል። እኔም የሻጯ ድምፅ አልሰማ ሲለኝ የራሴን ወደ ታች ሳብ አድርጌ ተከራከርኩ። ዶሮውን አንስቼ፣ ደረቱን ዳብሼ፣ ዋጋ ቀንሼ፣ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። እታለም በር ላይ ቢጫ ጀሪካን ቧንቧ ተገጥሞለት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሳሙናው አሮጌ ካልሲ ውስጥ ገብቶ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ካልሲው ያንተ ነው አሉኝ፤ የተማሪ ቤቱ፣ ሰማያዊው። ታጥቤ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ጽዱ ሥር ወንበር አድርገውልኝ እሳቸው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። በመካከላችን ሁለት እርምጃ ያህል አለ። ዶሮ ወጡን በዱካ ላይ አስቀምጠው ገፋ አደረጉልኝ። ከዚያ በራሳቸው ትሪ ላይ እንጀራ ቆረሱ፣ ጠቀለሉ፣ ብድግ አሉ። ጉርሻውን እንደያዙ እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። አየሁት። ጣቶቻቸው መረቁ እየተንጠባጠበባቸው ትንሽ ቆዩና ጉርሻውን መልሰው ትሪያቸው ጠርዝ ላይ አኖሩት። «ለሚመጣው ዓመት ይቆይልህ» አሉኝ።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበርን። አንድ ሰዓት ቆይቼ ልሄድ ነበር ሐሳቤ። ቡና ተፈላ። ጎረቤት ሁለት ሰው ይዞ «እንኳን አደረሳችሁ» ሊል ገባ። አንዲት ልጅም ቄጤማ ጎዝጉዛ ረከቦቱን አቀረበች። ቶናው ላይ ስንደርስ ዝናብ መጣ። የበልግን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ አይለምንህም። ሁላችንም ወንበራችንን አንስተን ወደዚያች ጠባብ ክፍል ገባን። ስድስት ሰው። ከዚያ አንዱ «ብርድ ገባ» አለና በሩን ዘጋው። ከስድስታችን «ተው፣ ክፈተው» ያለ አንድም የለም። እኔም አላልኩም። ጠላው መጣ፣ ጨዋታው ደራ፣ በረካው ተጠጣ። ያ በር ዛሬም ፊቴ ላይ አለ።

ስወጣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ታክሲ ብሎ ነገር የለም። ስድስት ኪሎ ድረስ በእግሬ ወረድኩ። አልፎ አልፎ የሚመጣውም ስድስት ሰው ይዞ «ሞልቷል» እያለ ያልፋል። ግማሽ ወንበሩ ባዶ ሆኖ እያየኸው ማለት ነው። ሹፌሩ አይፈረድበትም፣ ትራፊክ አለ፣ ቅጣት አለ። በበዓል ማታ ሥራ የወጣውም ጥቂት ነው። ሰማዕታት ሐውልቱ ጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምኩ። ጫማዬ ረጥቧል፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል።

በመጨረሻ አንድ የቤት መኪና ቆመልኝ። ውስጡ አራት ሰው አለ። «የት ነህ? መገናኛ? ግባ፣ ዓውደ ዓመት አይደል!» አሉኝ። በሩን ስከፍት አረቄው አፍንጫዬን መታኝ። ገባሁ። መጠጡንም አውቄ፣ ማስክ የሌላቸው መሆኑንም አይቼ ነው የገባሁት። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ መስታወቱ በትንፋሽ ላብ አውጥቷል፣ አንዱ ጆሮዬ ሥር ይዘፍናል። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወርድ ሹፌሩ ዞር ብሎ ከኋላ ሰው ጋር ያወራ ነበር። ቀበና ድልድዩ ጋ አስፋልቱ እርጥብ ነው፣ ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ ተንሸራታ የድልድዩ ብረት ጋ ለመድረስ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ሁሉም ሳቁ። እኔ «ወራጅ» አልኩ። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ በእንግሊዝ ኤምባሲ አድርጌ እስከ መገናኛ በእግሬ ሄድኩ። ቤት ስገባ አራት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። አባባ ሳይተኛ ጠበቀኝ። ግንባሬን ሳመኝ። ልከለክለው አቅም አጣሁ።

ማክሰኞ ማታ ብርድ ብርድ አለኝ። ረቡዕ ትኩሳቱ ወጣ፣ ሳልም ተከተለ።

ወንድሜ፣ ያንን ሳምንት እንዴት ብዬ ልንገርህ? የሾላን ገበያ አሰብኩ። ከዚያ ይዤው ከሆነ እታለም ቤት ይዤው ገብቻለሁ ማለት ነው፣ በሩን ዘግተን ሁለት ሰዓት ተቀምጠናል። ከመኪናዋ ይዤው ከሆነ ደግሞ አባባ ስሞኛል። ወደ ኮሮናው የስልክ መስመር 8335 ደወልኩ። የተለያየ ነገር ጠየቁኝና ክፍልህን ለይተህ ተቀመጥ፣ ከባሰብህ መልሰህ ደውል አሉኝ። እህቴ ምግቤን በር ላይ አስቀምጣ ሁለቴ አንኳኩታ ትሄዳለች። ሌሊት ሌሊት ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ጥዬ አባባ ያስላል አያስልም ብዬ አዳምጣለሁ።

አንተ ያን ጊዜ ነው የላክኸው፤ «አክፋዩ ደርሷል፣ እናቴ ደስ ብሏታል፣ ተባረክ፣ እንዳንተ ያለ ወንድም የት ይገኛል» ያልክበትን መልእክት። አልጋ ላይ ሆኜ ሰማሁት። መልስ ልልክ ስልኩን አነሳሁና አስቀመጥኩት። ምን ልበልህ? እናትህ ጋ በሽታ ይዤ ሄጄ ይሆናል ልበልህ? ባሕር ማዶ ቁጭ ብለህ፣ አውሮፕላን እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ፣ ይህን ሰምተህ ምን ታደርጋለህ? ዝም አልኩ። ለእታለም እንኳ በራሴ አልደወልኩም፤ ያቺን ቡና ያፈላች ልጅ በየቀኑ እየደወልኩ «እንዴት አደሩ?» እላት ነበር። 14 ቀን ቆጠርኩ። አባባ ደህና፣ እታለም ደህና። የእኔም ትኩሳት በስድስተኛው ቀን ለቀቀኝ። የዝናቡ ብርድ ይሁን ሌላ፣ አልተመረመርኩም።

ያኔ ልደውልልህ ይገባኝ ነበር። ግን «ለምን ዝም አልክ?» ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ክረምት ሆነ፣ እንቁጣጣሽ አለፈ፣ መስቀል አለፈ። ዝምታ ሲቆይ እንደ ዕዳ ወለድ ይወልዳል። ይቅር በለኝ።

አሁን ደግሞ ገና መጣ። አዋጁ ካበቃ ቆየ፣ ታክሲውም እንደ ድሮው ሞልቶ ነው የሚሄደው። ሰው በሽታው አብሮ ያበቃ መስሎታል። ኅዳር ሳያልቅ እኮ የተያዘው ሰው ከ100 ሺህ አልፏል። ማስክ ግዴታ ነው፤ ረዳቱ ትራፊክ ሲያይ «ማስክ፣ ማስክ» ይላል፣ ትራፊኩ ሲርቅ ሁሉም ያወርደዋል። መስኮት ልክፈት ስትል ጠቡ የጉድ ነው። «ልትገድለን ነው እንዴ? ብርድ ይመታናል!» እኔ ግን እከፍታለሁ። ሁለት ጣት ታህል። ጠዋት ጠዋት አንዲት እናት ሁሌ ይቆጡኛል፣ አጠገባቸው ስቀመጥ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ይሸፈናሉ፤ እኔም ይቅርታ እየጠየቅሁ እከፍታለሁ።

ለገና እታለም ጋ እሄዳለሁ። ተነጋግረናል። ሰፈራችን ያለ አንድ የላዳ ሹፌር አለ፤ የማይጠጣ ሰው ነው። ከቀኑ አምስት ሰዓት ወስዶኝ ዘጠኝ ሰዓት መጥቶ ሊያመጣኝ ተስማምተናል፣ ቀብድም ሰጥቼዋለሁ። መመለሻዬን ሳልይዝ ከቤት አልወጣም ብያለሁ። ግቢ ውስጥ ነው የምንቀመጠው፤ የገና ፀሐይ አለልን፣ ዝናብ የለም። ጠላ ከፈለግኩ የራሴን ጣሳ ይዤ ነው። ከገና በፊት ባለው ሳምንት ገበያ እህቴም አትወጣም እኔም አልወጣም፤ ለሥጋው ከሰፈር ሰው ጋር ቅርጫ ገብተናል። ቤት ስመለስም አባባን ከሩቁ ሰላም ብዬ መጀመሪያ እታጠባለሁ። እሱም ለምዶታል፣ አሁን ግንባሬን ከመሳም ይልቅ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግልኛል።

አሁን ስላንተ ልጠይቅህ። እዚያ ዋሽንግተንም ቤት ውስጥ ከ10 ሰው በላይ አትሰብሰቡ እንደተባለ ሰማሁ። ኡበሩን አሁንም በማታ ነው የምትነዳው? ከነገ ወዲያ ሐሙስ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ሰው ጠጥቶ ይወጣል፣ እየሳቀ ይገባብሃል፣ ማስኩን ያወልቃል። ያ ቀበና ድልድይ ላይ የነበረው ሹፌር ያንን ማታ ቁልፉን ቤቱ ትቶ እንደ አንተ ያለ ሰው ቢጠራ ኖሮ እላለሁ። ስለዚህ አትሥራ አልልህም። ብዙ እናት ልጇን ቤት የምታገኘው በአንተ ነው። ግን ከፊት ወንበር ማንንም አታስቀምጥ፣ ማስክ አላደርግም ያለህን አትጫን፣ ይቅርብህ ገንዘቡ። መስኮቱንም ክፈት። ብርዱ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ማሞቂያውን እግርህ ላይ ልቀቀውና ክፈት። እንቅልፍ ከመጣብህ ደግሞ መኪናውን አቁመህ ተኛ። ክትባቱም እናንተ ጋ ተጀምሯል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ተራህ ሲደርስ እንዳታመነታ።

እታለም የላኩልህ ነገር አለ። «የገና ዳቦው ቁራሽ ይደርቅለታል፣ ይቆይለታል፣ ሲመጣ ይበላዋል» ብለዋል። ካልሲህም እዚያው ጀሪካኑ ላይ ነው፣ ሳሙናውን ቀይረውለታል።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሐሙስ ማታ ሥራህን ጨርሰህ ቤት ስትገባ ደውልልኝ። አንተ ጋ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ ነቅቼ ቡናዬን እየጠጣሁ እሆናለሁ። ሁለቴ ጠርቶ ቢዘጋም ይበቃኛል። እኔም የገና ዕለት ከእታለም ቤት ተመልሼ፣ ታጥቤ፣ እንደተቀመጥኩ እደውልልሃለሁ።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰህ።

ወንድምህ