ራም ልትገዙ ነው? ለፍጥነቱ ከመክፈላችሁ በፊት

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣

ከኮዬ ፈጬም ከቱሉ ዲምቱም የምትመጡ ደንበኞች ሰሞኑን ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር አለ። «ኦቨርክሎክ የሚደረገው ራም ይሻላል ወይስ ተራው?» ራም ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ዳታ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ ነው፤ ኦቨርክሎክ ማለት ደግሞ ከመደበኛው ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው። ባንኮኒ ላይ በችኮላ ከምንመልስ ረጋ ብለን ብንጽፈው ይሻላል ብለናል።

ለአብዛኞቻችሁ ትርፍ ብሩ መዋል ያለበት ለፍጥነት ሳይሆን ለመጠን ነው። የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ፣ ኤክሴልና ሃያ የክሮም ታብ ተከፍቶበት በ8 ጊጋ የሚያቃስት ኮምፒውተር ፈጣን 8 ጊጋ ስለገባለት አይድንም። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ይገፋል። ኤስኤስዲም ቢሆን ራምን አይደርስበትም። ተራ 16 ጊጋ ግን በዚያው ቀን ይታወቃችኋል። የሰርግ ቪዲዮ የምታቀናብሩና በሬቪት የሕንፃ ፕላን የምትሠሩ ደግሞ 32 ብታስቡ አይበዛባችሁም።

ዴስክቶፕ ከሆነ አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ይመረጣል። ሁለቱ በየቻናላቸው ሲገቡ ፕሮሰሰሩ ዳታ የሚያገኝበት መንገድ እጥፍ ይሆናል። ግራፊክስ ካርድ በሌለው ማሽን ላይ ጌም ለሚጫወት ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ነውና።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ዲዲአር4 የሚባለው የራም ትውልድ መደበኛ የፍጥነት ጣሪያው 3200 (በሰከንድ ሚሊዮን የዳታ ዝውውር) ነው። ከዚያ በላይ የተጻፈበት ዲዲአር4 ሁሉ ኦቨርክሎክ ነው። ከቁጥሩ አጠገብ «ሲኤል» የሚል አለ፤ ራሙ መልስ ለመጀመር ስንት ዑደት እንደሚቆይ የሚናገር ነው፤ እሱንም እዩት። ባለ 3200 ሲኤል 16 ራም ለመጀመሪያ ምላሽ 10 ናኖ ሰከንድ ይፈጅበታል። ባለ 3600 ሲኤል 18ም ያው 10 ነው። ሁለተኛው በሰከንድ የሚያሻግረው ዳታ ይበልጣል እንጂ ቶሎ አይመልስም። በቀጣዩ ትውልድ በዲዲአር5 ባለ 6000 ሲኤል 30 አሁንም 10 ሲሆን፣ ሲኤል 40 የሆነው 13 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ብቻ አይታችሁ ብር አታውጡ።

ማዘርቦርዱም ወሳኝ ነው። ለምሳሌ ኤች310 የሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ቦርድ ከ2666 አያልፍም፤ 3600 ብትገጥሙበትም ቢበዛ በ2666 ነው የሚሠራው። ቦርዱ ቢፈቅድም ባዮስ (የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ገብቶ ኤክስኤምፒ የሚባለውን፣ ራሙ በተጻፈበት ፍጥነት እንዲሠራ የሚያደርገውን ሴቲንግ ማብራት ያስፈልጋል። ያለዚያ ውድ የተገዛው ዲዲአር4 ራም በ2133 ወይም በ2400 እየሠራ ዓመት ሊያልፈው ይችላል። ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ ስትሉ ትክክለኛ ፍጥነቱ ይታያል።

በእኛ ሰፈር ሌላ ጣጣ አለ። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሲደክምና መብራት ሲጠፋ የባዮሱ ሴቲንግ ይጠፋል፤ ኤክስኤምፒም አብሮ ይጠፋል። ሰዓቱ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስባችሁ ከሆነ ራም ከመቀየራችሁ በፊት ባትሪዋን አስቀይሩ። ዋጋዋ ከራሙ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ታዲያ ለፍጥነት መክፈል የሚያዋጣው ማንን ነው? ያለ ግራፊክስ ካርድ በራይዘን (የኤኤምዲ ፕሮሰሰር) ጌም የሚጫወቱትን፣ እንዲሁም ራይዘን 7000 ያላቸውን። ለራይዘን 7000 ራሱ ኤኤምዲ ጥሩ ነው ያለው 6000 ነው፤ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ውሰዱት። የሂሳብ መዝገብና የደንበኛ ፕላን የምትይዙ ግን መደበኛውን ብትመርጡ ደስ ይለናል። ኦቨርክሎክ የሆነ ራም አልረጋ ሲል ሁልጊዜ ሰማያዊ ስክሪን አያሳይም፤ አንዳንዴ ፋይሉን ዝም ብሎ ያበላሸዋል። ኢንቴልም ኤኤምዲም ይህን እንደ ኦቨርክሎክ ስለሚቆጥሩት ዋስትናውን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ኤክስኤምፒ የምናበራላችሁ ከሆነ ማሽኑን አንድ ሌሊት እኛ ጋ ተዉት። መምቴስት86 በሚባል የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፈትሸን አንድም ስህተት ካሳየ ፍጥነቱን ዝቅ አድርገን እንመልስላችኋለን። ለመግዛት ስትመጡ ደግሞ የታስክ ማናጀሩን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አሳዩን፤ ስንት የራም ቦታ እንደቀረም እዚያው ይነበባል።

ከሰላምታ ጋር
የሱቁ ባልደረቦች