ቅጠሉ ሳይረግፍ ድረሺበት

እማምዬ የኔ ቆንጆ እንዴት ሰነበትሽ? ትናንት ማታ የላክሽልኝን፣ ሊረግፍ ሲል የቀላውን ቅጠል ፎቶ ደጋግሜ አየሁት፣ ከስሩ ደሞ "አባዬ በአይኔ ሳየው ደም የመሰለ ቀይ ነበር፣ ፎቶው ላይ ግን ፈዞ ወጣ" ያልሽውን አነበብኩ። በስልክ ብነግርሽ ግማሹ ይጠፋብሻል ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

ካሜራሽ ምንም አልሆነም፣ አንቺም አላጠፋሽም። የቅጠል ፊት እኮ ሰም አለው፣ ያብረቀርቃል፣ የሰማዩን ብርሃን እንደ መስታወት ይመልሰዋል። አይናችን ይሄን ችላ ብሎ ያልፈዋል፣ ካሜራ ግን ያገኘውን ሁሉ ስለሚይዝ ቀዩ ላይ ነጭ ነገር ይለብስበታል። ለዚህ ፖላራይዘር የሚባል ፊልተር አለ፣ ሌንሱ ላይ ትገጥሚውና ቀስ እያልሽ ታዞሪዋለሽ፣ የሆነ ቦታ ሲደርስ ነጩ ጥፍት ይልና ቀለሙ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ እኔ መጀመሪያ ቀን ሳየው ጮኼ ነበር። ዝናብ ካባራ በኋላ ቅጠሉ እርጥብ እያለ ብትሞክሪው ደሞ ሌላ ነው። ግን ብርሃኑን በግማሽ፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ስለሚቀንሰው ነፋስ ካለ ሹተሩን፣ ማለት ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ ከ1/250 ሰከንድ አታዘግዪው፣ ይደበዝዝብሻል።

ፊልተር ከሌለሽም ችግር የለም፣ ዞረሽ ከዛፉ ወዲያ ማዶ ሂጂና ፀሀይዋ ከቅጠሉ ጀርባ እንድትሆን አድርጊ። ያኔ ቅጠሉ ውስጡ መብራት የበራ ይመስላል፣ ጅማቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው። ዋይት ባላንሱን፣ ማለት ካሜራው ቀለም የሚያስተካክልበትን፣ ኦቶ ላይ አትተዪው፣ ካሜራው ወርቃማውን ቢጫ በዛ ብሎ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል፣ ዴይላይት (የቀን ብርሃን) ላይ አድርጊው። ቀይ ሲሆን ትንሽ ጨለም አድርገሽ አንሺ፣ ብርሃን ከበዛበት የቅጠሉ ዝርዝር ይጠፋል በኋላም አይመለስም።

አንድ ነገር ደሞ ላርምልሽ። ትንሽ ልጅ ሆነሽ "አባዬ ቅጠሉን ማነው የቀባው?" ብለሽ ስትጠይቂኝ "ደርቆ ነው" ያልኩሽ ትዝ ይልሻል? ልክ አልነበርኩም፣ ብዙ ጊዜ ሲቆጨኝ ኖሯል። ቢጫው እኮ በጋውን ሙሉ እዛው ቅጠሉ ውስጥ ነበረ፣ ካሮቲኖይድ ይባላል፣ አረንጓዴው ክሎሮፊል ሸፍኖት ነው የማናየው። ቀኑ እያጠረ ሲመጣ ዛፉ ክሎሮፊሉን ያፈርሰዋል፣ ናይትሮጅኑንም ወደ ግንዱ መልሶ ይወስዳል ለሚቀጥለው ዓመት፣ ያኔ ቢጫው ይገለጣል። ቀዩ ግን የተለየ ነው፣ እሱ ድሮ የነበረ አይደለም፣ ቅጠሉ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንደ አዲስ የሚሰራው ነው! አንቶሳያኒን ይሉታል፣ ቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ያ ፎቶ ያነሳሽው ቀይ ቅጠል የደረቀ ሳይሆን ገና በህይወት ያለና ስራ ላይ ያለ ቅጠል ነው። ቀን ፀሀይ፣ ሌሊት ደሞ ውርጭ ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ አየር ሲሆን ቀዩ ይደምቃል። አንድ ሜፕል የሚባል ዛፍ ላይ እንኳን ፀሀይ የሚያገኘው ጎን ቀልቶ ጥላው ውስጥ ያለው ቢጫ ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ እና ወደ ዛፉ ስትጠጊ መጀመሪያ አንዴ ዙሪያውን ዞረሽ እዪው፣ ካሜራውን ከዛ በኋላ አውጪው።

ደመና ነው ብለሽ ደሞ እንዳትቀሪ፣ የደመና ቀን ጥላው ስለማይከፋፍለው ጫካ ውስጥ ለማንሳት እንደውም ይሻላል።

ብቻ አታዘግዪ። ባለፈው ዓመት አንድ ጊንኮ የምትባል ዛፍ ነበረች፣ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆና ቆማ አየኋትና ብርሃኑ ስለመሸ ለሌላ ቀን ብዬ ተመለስኩ። ጊንኮ እንደሌላው ዛፍ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አያረግፍም፣ ብርድ ሲመታው አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ አብዛኛውን ሊያራግፈው ይችላል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ስደርስ ቅርንጫፉ ባዶ፣ መሬቱ ወርቅ ምንጣፍ። መሬቱን አነሳሁት፣ ግን ቆማ ያየኋት መልኳ እስካሁን አይኔ ላይ ነው ያለው፣ ፎቶዋ የለኝም።

ኤዲት ስታደርጊ ሳቹሬሽኑን፣ ማለት የቀለሙን ድምቀት፣ አትጨምሪበት፣ ቀዩ ፕላስቲክ ይመስላል፣ ቅጠሉ ያን ሁሉ የለፋበትን ቀለም ማበላሸት ነው።

እሁድ ማታ ስልኬን ይዤ እጠብቅሻለሁ። መቶ ፎቶ አልፈልግም፣ ፀሀይ ከጀርባው ሆና ያነሳሽውን አንድ ቅጠል ብቻ ሳትነካኪው ላኪልኝ፣ ከየትኛው ጎን እንዳነሳሽውም ጻፊልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ