መዝገቡ ላይ ያልነበሩት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው «አባዬ፣ ብዙ ሰው የሞተበት መርከብ የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔም ሳላስብ «ታይታኒክ ነዋ!» አልኩሽ። ተሳስቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብዬ ሳነብ ከረምኩ። ይህን ነገር በስልክ ከምነግርሽ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታይታኒክን ታውቂዋለሽ። ኤፕሪል 1912 ከበረዶ ግግር ጋር ተጋጨና 1,500 ያህል ሰው አለቀ። ጀልባዎቹ ጢም ብለው ቢሞሉ እንኳ የሚይዙት 1,178 ሰው ነው፤ የተሳፈረው ግን ከ2,200 ይበልጣል። በሱ ምክንያት የባሕር ሕግ ተለወጠ። በረዶውን የሚቃኘው ቡድን እስከ ዛሬ በየዓመቱ እዚያ ባሕር ላይ የአበባ ጉንጉን ይጥላል። ማን በስንተኛ ማዕረግ እንደተሳፈረ እንኳ ይታወቃል።

አሁን ዶኛ ፓዝን ልንገርሽ። ስሟን ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቃትም ነበር። ዲሴምበር 20 ቀን 1987፣ ለፈረንጆች የገና በዓል አምስት ቀን ሲቀረው፣ ፊሊፒንስ ውስጥ ከታክሎባን ወደ ማኒላ ስትሄድ ነው። ለበዓል ወደ ዘመድ የሚጓዝ ሰው ጠቅጥቋታል። አብዛኛው ተኝቷል። በጨለማ ቬክተር ከምትባል ነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጨች። ቬክተር 8,800 በርሜል ጭና ነበር። ነዳጁ ፈሰሰና ባሕሩ ራሱ ነደደ። ዘለው የገቡት ሰዎች እሳቱን ለማምለጥ ከውሃው በታች እየጠለቁ ዋኙ። የሕይወት አድን ጃኬቶቹ ተቆልፎባቸው እንደነበር የተረፉት ተናግረዋል። ከሁለቱም መርከቦች የተረፈው 26 ሰው ብቻ ነው።

ስንት ሰው ሞተ? ከ4,000 በላይ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ተሳፋሪ ግን 1,500 እንኳ አይሞላም። መርከቧ ላይ ወጥቶ ትኬት የገዛ ነበር፤ ሕፃናት ነበሩ፤ ያለ ስም የተሳፈረ ነበር። እናት «ልጄ እዚያ ውስጥ ነበር» ስትል ዝርዝሩ ላይ የለም ማለት ነው። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

እንግዲህ በሰላም ጊዜ ብዙ ሰው ያለቀው በዶኛ ፓዝ ነው። የጦርነቱ ከተቆጠረ፣ ጃንዋሪ 1945 ባልቲክ ባሕር ላይ በሶቪየት ባሕር ሰርጓጅ የተመታችው የጀርመኗ ቪልሄልም ጉስትሎፍ ትበልጣለች፤ 9,000 ገደማ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ብዙዎቹ ስደተኞች፣ እናቶችና ልጆች ናቸው።

መንዲ የምትባልም አለች። ፌብሯሪ 1917 ከእንግሊዝ ጠረፍ አጠገብ ሌላ መርከብ ገጭቷት ሰመጠች። ከ600 በላይ ደቡብ አፍሪካውያን አለቁ፤ አብዛኞቹ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት የጉልበት ሥራ የሚሄዱ ጥቁሮች ነበሩ። ታሪኳን ሕዝቡ በአፍ እየተቀባበለ አቆየው። ከመቶ ዓመት በኋላ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ደወሏን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ ለአንድ ጋዜጠኛ ሰጠ። በ2018 ደወሉ ለደቡብ አፍሪካ ተመለሰ። ያ ሰው ስንት ዓመት ቤቱ አስቀምጦት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ጆላን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ስለሚከብደኝ ነው። የሴኔጋል መርከብ ናት። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2002 ማታ ከዚጊንሾር ወደ ዳካር ስትሄድ፣ ጋምቢያ ፊት ለፊት ማዕበል መጣና በደቂቃዎች ውስጥ ተገለበጠች። የተሠራችው 580 ያህል ሰው እንድትይዝ ነው፤ የጫነችው ከ1,900 በላይ። 1,863 ሰው ሞተ ተባለ፤ ቤተሰቦች ግን ከዚያ ይበልጣል ይላሉ። የተረፉት 64 ናቸው። ቀድመው የደረሱላቸው በጀልባ የወጡ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ከሟቾቹ ውስጥ ከ400 በላይ ተማሪዎች ነበሩ፤ እንዳንቺ ወደ ትምህርታቸው የሚመለሱ።

ታይታኒክ የተኛው 3,800 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። እዚያ ድረስ እየወረዱ ፎቶ ያነሱታል። ጆላ ያለችው 20 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ብዙዎቹ አሁንም እዚያው ውስጥ ናቸው። ቤተሰቦቻቸው ዛሬም አውጡልን እያሉ ነው።

አባትሽ